ፈረስ ከመሸለታችሁ በፊት

አውሮፓ ውስጥ በብርዱ ወራት ፈረስ የምትጋልቡ፣ ይቺን ልብ በሉ። ፈረሱ ለብርዱ የሚያበቅለው ወፍራም ፀጉር ሥራ ላይ ቶሎ ያልበዋል፣ ያደክመዋል። ላቡ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፤ እንደቆመ ብርድ ይመታዋል። መሸለቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሙልጭ አታድርጉት! ሥራው ቀላል ከሆነ የአንገቱ ሥርና ሆዱ ይበቃል። እግሩን ተዉለት፤ ከጭቃና ከእሾህ ይከልለዋል።

እየሸለታችሁ የማሽኑን ምላጭ ቶሎ ቶሎ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ አቁሙ። ፈረሱ ድንገት ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ጠባዩ ከፍቶ ላይሆን ይችላል፣ አቃጥላችሁት እንጂ።

ከዚያ ልብስ ደርቡለት፣ ድርቆሽም ጨምሩለት። ድርቆሽ አንጀቱ ውስጥ ሲብላላ ያሞቀዋል። ልብሱን እየገለጣችሁ ጎኑን ዳብሱ፤ የጎን አጥንቱ እየጎላ ከመጣ ጉልበቱ በብርዱ እያለቀ ነው።