የድሮውን የስልክ ቀፎ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ

ባለ ቁልፉን ስልክ ከመሳቢያ ከማውጣታችሁ በፊት ኔትወርኩን አጣሩ። ቀፎው ደህና ሆኖ የሚሠራበት ኔትወርክ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የድሮ ስልኮች የሚያውቁት 2ጂን (ሁለተኛውን ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ) ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ 2ጂን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2017 መግቢያ ላይ ነው፤ አውስትራሊያ ደግሞ በ2024 ቀጣዩን ትውልድ 3ጂንም ዘግታለች። ስለዚህ ሲም ከመግዛታችሁ በፊት አገልግሎት ሰጪውን «2ጂ አላችሁ? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ባትሪው። አውጡትና ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣት አሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ መሃሉ አብጧል ማለት ነው። በፍጹም ቻርጅ እንዳታደርጉት! እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቆሻሻ ውስጥም አይጣል፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ ስጡት።

የዛሬው ናኖ ሲም ለድሮው ቀፎ ስለሚያንስ አዳፕተር (ሲሙ የሚገባበት ማሳደጊያ ክፈፍ) ያስፈልገዋል። አዳፕተሩን ባዶውን አታስገቡት፣ ሲሙን የሚነኩትን የቀፎውን ፒኖች ይነቅላል።

ፔጀር (አጭር መልእክት በሬዲዮ የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ) የምትይዙ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። አብዛኛው የፔጀር መልእክት ሳይመሰጠር ነው በአየር ላይ የሚሄደው። ርካሽ የሬዲዮ መቀበያና ኮምፒውተር ያለው ሰው ሊያነበው ይችላል። የታካሚ ስምም ሆነ የይለፍ ቃል አይላክበት፤ «ደውልልኝ» ይበቃል።