በኢንክስኬፕ ቅርጽን ከፍሎ ቀለም መቀባት

ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም አንድ ቅርጽ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሙሌት፣ ማለትም ውስጡን የሚሞላው ቀለም፣ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን ቅጠል ግራ ጎን ጠቆር፣ ቀኙን ፈካ ያለ አረንጓዴ ለማድረግ ቅጠሉ አስቀድሞ ራሳቸውን ወደቻሉ ሁለት ቅርጾች መከፈል አለበት።

ቅጠሉን ስለውና አረንጓዴ ሞልተው ሲጨርሱ ኮንትሮልን ከዲ ፊደል ጋር በመጫን ቅጂ ያውጡለት፤ ቅጂው እንደተመረጠ ኤንድ የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ ከሁሉም ሥር ይቀመጣል። ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ጥቅሙ መጨረሻ ላይ ይታያል።

ቀጥለው ነጥብ በነጥብ መስመር በሚሠራው መሣሪያ፣ በቤዚየር ብዕር፣ የመቁረጫውን መስመር ይሥሩ። መስመሩ ከቅጠሉ ግንድ በታች፣ ከቅጠሉ ውጪ ተነሥቶ በቅጠሉ መሐል የሚያልፈውን ጅማት አቅጣጫ በመከተል ጫፉን አልፎ መውጣት ይኖርበታል። ጥቂት እንኳ ሳይደርስ ውስጥ ከቀረ ቅጠሉ ለሁለት አይለያይም፤ ለጀማሪዎች ዋናው የችግር ምንጭም ይኸው ነው። አሁን የላይኛውን ቅጠል ጠቅ ያድርጉ፤ ሺፍትን እንደያዙ መስመሩን ይጨምሩና ፓዝ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ዲቪዥንን ይምረጡ። የሚቆርጠው ሁልጊዜ በላይ ያለው ነገር ነው፤ ሥራውን እንደጨረሰም ይጠፋል፤ ሁለቱ ክፍሎች ግን የቅጠሉን ቀለም እንደያዙ ይቀራሉ። በዚሁ ዝርዝር የሚገኘው ከት ፓዝ ስሙ ቢመሳሰልም የሚያስቀረው የጠርዙን መስመር ብቻ ስለሆነ ሙሌት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

ሁለቱም ክፍሎች እንደተመረጡ ስለሚቆዩ በኤስኬፕ ቁልፍ ምርጫውን ያንሡና አንዱን ብቻ ይንኩ። ከሥር ከተደረደሩት ቀለሞች አንዱን ጠቅ ማድረግ ውስጡን ይሞላል፤ ሺፍትን ይዘው ካደረጉት ግን የሚቀባው ጠርዙ ነው። እኔ የምመርጠው ፊል ኤንድ ስትሮክ በሚለው መስኮት የቀለምን ዓይነት፣ ድምቀትና ብርሃን ለየብቻ የሚያስተካክለውን ኤችኤስኤልን ከፍቶ የቀለሙን ዓይነት ሳይነኩ ብርሃኑን ብቻ መቀነስ ነው፤ ምክንያቱም ጥላው ከዚያው አረንጓዴ የተገኘ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ሥዕሉን አጉልተው ቢያዩ በሁለቱ ክፍሎች መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ሊያገኙ ይችላሉ። ክፍሎቹ አልተራራቁም፤ ፕሮግራሙ ጠርዝን ለማለስለስ የእያንዳንዱን ክፍል ዳር ለየብቻ ከኋላው ካለው ቀለም ጋር ስለሚያዋህድ ነው። ከሥር ያስቀመጡትን ቅጂ ከሁለቱ አንዱን ቀለም ቢቀቡት በስንጥቁ የሚታየው አረንጓዴ ስለሚሆን ነጩ መስመር ይጠፋል።