«ልክ እኔን ነው የገለጸኝ!» ከማለታችሁ በፊት

ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። በየሴሚስተሩ አንድ ተማሪ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ቴሌግራም ላይ የሠራው የባህርይ ፈተና ነው። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ልክ እኔን ነው የገለጸኝ!»

ደሜን የሚያፈላው ስህተት ይሄ ነው፤ «እኔን ይመስላል» ማለትን እንደ ማስረጃ መቁጠር። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ ለ39 ተማሪዎቹ የባህርይ ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ነው» ብሎ ወረቀት አደለ። ምን ያህል እንደገለጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡት ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካስ ለሁሉም ያደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው! አብዛኛውንም የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። «አንዳንዴ ተጫዋች ነህ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቁጥብ ትሆናለህ» ዓይነት ነው። እስቲ ይሄ የማይገልጸው ሰው አምጡልኝ!

እኔም ክፍል ውስጥ እደግመዋለሁ። አንዴ አንዲት ተማሪ ጓደኛዋ እንዳታይባት ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘች። «ተለዋወጡ» ስላቸው ሁለቱም መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ሳቁ። እናንተም ውጤታችሁን ከማመናችሁ በፊት የሌላ ሰው ውጤት አንብቡ። እሱም እናንተን ከመሰለ ፈተናው ምንም አልነገራችሁም።

«አንጎላችንን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው» የሚል አሰልጣኝ ከገጠማችሁም ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ፤ ተረት ነው።

ሌላው ስህተት፣ የማይረታ ሐሳብ ጠንካራ ይመስለናል። አንዳንድ የሥነ ልቦና ተንታኞች «አባትህ ላይ ቂም አለህ» ይሉሃል። አዎ ካልክ ልክ ናቸው። የለኝም ካልክም «መካድህ ራሱ ምልክቱ ነው» ይሉሃል። ፈላስፋው ካርል ፖፐር ወጣት ሳለ ቪየና ላይ የታዘበው ይሄንኑ ነበር። «ምን ቢገኝ ነው ተሳስቻለሁ የምትለው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ሳይንስ አይደለም።

ጎበዝ ተማሪዎች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች እንደገና ተሠርተው ከግማሽ በላዩ የመጀመሪያውን ውጤት አልሰጡም። «ታዲያ ሳይኮሎጂ ራሱ ከኮከብ ቆጠራ በምን ይለያል?» ይሉኛል። ጉዱን ያወጡት እኮ ራሳቸው የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች ናቸው! ትንበያውን መርምሮ «ተሳስተናል» ያለ ኮከብ ቆጣሪ አይታችኋል?

የኔን ኃጢአት ደግሞ ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ መምህራንን አሠለጥን ነበር። ተማሪ በዓይኑ፣ በጆሮው ወይም በእጁ እንደሚማር፣ ለእያንዳንዱም በሚስማማው መንገድ ማስተማር እንደሚያስፈልግ ሰበክሁ። ማስረጃውን አላየሁም፤ ሁሉም ስለሚለው ብቻ አመንኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. አራት ተመራማሪዎች ጥናቶቹን ሲገመግሙ፣ እንዲህ ከፋፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። እኔ ይሄን ያነበብኩት ጭብጨባውን ከተቀበልኩ በኋላ ነው። በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ያ የኔው ስላይድ ተለጥፎ አገኘሁት። ላሚኔት አድርገውታል።