መጽሐፍ ስትጠቁሙ ጥቂት ጨምሩበት

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያላችሁ አንባብያን፣ ለጎረቤት መጽሐፍ ስትጠቁሙ «ግሩም ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የት ላይ እንደሚያዘግም፣ ከስንተኛው ገጽ እንደሚግል በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከሽፋኑ ውስጥ አኑሩ፤ ቀጣዩም አንባቢ የራሱን ይጨምርበት።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ለወጣት ስታውሱ፣ ልብ ወለዱ የሚያጠነጥንበት ቀይ ኮከብ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደ ዘመቻ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው መሐል ላይ ሊተወው ይችላል፤ ያ ደግሞ ያሳዝናል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ለሚሄድ አይመችም። ለእርሱ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ጠቁሙት። እንዴት ያለ ድምፅ ነው!

የተዋሰውን ሰው ስም ግን መመዝገብ አትርሱ።