ለኮዋላ የተከላችሁት ባሕር ዛፍ ሲጋደም

አገር ቤት ባሕር ዛፍ አጣናና ማገዶ ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ደግሞ ዛፍ ላይ የሚኖረው እንስሳ፣ የኮዋላ ቀለብ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ኮዋላ በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በካንቤራ ግዛት ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ ከኩዊንስላንድ ዋና ከተማ ከብሪዝበን ወጣ ብሎ መሬት ላላቸው ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ለኮዋላ የሚሆን ባሕር ዛፍ እተክላለሁ። ሌላው ያበላሸውንም እነቅላለሁ። መቆፈርና ማጠጣት ታውቃላችሁ፤ እሱን ልዝለለው።

ሁለት ዓመት አምሮበት አድጎ በሦስተኛው ነፋስ ሲነሳ የሚጋደም ዛፍ

ከአሥር ጥሪ ሰባቱ ይሄ ነው። ግንዱን ከታች ያዙና ወዝወዝ አድርጉት። እንደ ላላ ጥርስ ከተነቃነቀ ምርመራው አለቀ፤ ሥሩ ተጠቅልሏል።

እዚህ ችግኝ የሚሸጠው አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባላት የፕላስቲክ ፖት ነው። እዚያ ውስጥ ብዙ ከቆየ ሥሩ መሄጃ ያጣና ከታች ይዞራል። መሬት ከገባ በኋላም መዞሩን አይተውም። ላዩ ያድጋል፣ ቅጠሉ ይከብዳል፣ የሚይዘው ግን የለም።

አንድ ሰውዬ ከሽያጭ የተረፈ ችግኝ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ሁለት መቶ ጭኖ መጣ። አንዱን ገልብጬ አሳየሁት። «ይጸድቃል፣ አንተ ትከል» አለኝ። ጸደቀ እኮ! በሦስተኛው ክረምት አውሎ ነፋስ መጥቶ መስመሩን ሙሉ አጋደመው። አንዱን ስነቅል ሥሩ አሁንም የፖቷን ቅርጽ ይዟል፤ እንደ መሶብ ስፌት ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ችግኝ ጣቢያው ይህን እያወቀ መሸጡ ነው የሚያናድደኝ።

መፍትሄው ከመግዛት በፊት ነው። ከየትሪው አንድ ችግኝ ገልብጡ። ነጭ የሥር ጫፍ ካያችሁና አፈሩ ካልተበተነ ግዙ። ቡናማ ወፍራም ሥር ከታች ከዞረ ትታችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። መዞሩ ገና ከጀመረ የታችኛውን አንድ ሴንቲ ሜትር በስለታም ቢላ ቁረጡ። በጣት አታፍታቱት፣ ባሕር ዛፍ ሥሩ ሲነካካ አይወድም። የተጋደመውን ደግሞ በእንጨት ደግፋችሁ አትሰሩት። ድጋፉ ችግሩን ይደብቃል እንጂ አያድንም። ከጉቶው ያቆጠቁጣል ብላችሁ አትቁረጡትም፤ ያው ሥር ነው የሚሸከመው። ነቅላችሁ አዲስ ትከሉ።

አንድ ጊዜ ግን ችግኙ ጤነኛ ሆኖ ዛፉ ወደቀ። አንድ ወር ሙሉ ችግኝ ጣቢያውን ስረግም ከረምኩ። ኋላ ስቆፍር ጥፋቱ የኔ ነበር። በእርጥብ ሸክላ አፈር ላይ በሞተር መሰርሰሪያ ስቆፍር የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ጀበና ሆድ ለስልሶ ነበር፤ ሥሩ አልበሳ ብሎት ውስጡ ዞሯል። አሁን መሰርሰሪያ ከተጠቀምኩ ግድግዳውን በዶማ እቧጭራለሁ። እናንተም ቧጭሩ። በዝናብ ማግስት ደግሞ ጭራሽ አትሰርስሩ።

ቢጫ ሆኖ ባለበት የቀረ

ሣር ነው። ማጨድ አይበቃም፤ ከላይ ቢቆረጥም ሥሩ ውኃውን ይጠጣል። በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ከሣር ነፃ አድርጉና ጉዝጓዝ አልብሱ። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ። ፀረ አረም በነፋስ ቀን የምትረጩ ሰዎች ቅጠሉ ተጨማዶ ሲጠወልግ በሽታ ነው አትበሉኝ።

ጫፉ የተቆረጠ

በሰያፍ፣ በመቀስ እንደተቆረጠ ከሆነ ጥንቸል ነው። የተዘነጠለ ከሆነ ዋላቢ (ትንሽ የካንጋሮ ዘመድ) ወይም ከብት። መከለያ አድርጉለት። ዛፉ ከመከለያው ሲበልጥ አንሱለት፤ አንቆ የገደለው አይቻለሁ።

በአንድ ሌሊት የጠቆረ

ውርጭ። ረባዳው ቦታ ላይ የውርጩ ወቅት ሲያልፍ ትከሉ።

አድጓል፣ ኮዋላ ግን የለም

ስሙን ጠይቁ። «ብሉ ገም» የሚባል ዛፍ ከአንድ በላይ ነው። እዚህ ኩዊንስላንድ ዩካሊፕተስ ቴሬቲኮርኒስ ነው፤ ኮዋላ ይወደዋል። ደቡብ ግን ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ ማለት ነው፤ የኛው የአዲስ አበባ ነጭ ባሕር ዛፍ። በደቡቧ ግዛት በቪክቶሪያ ኮዋላ ይበላዋል፤ የዚህ ሙቀትና እርጥበት ግን አይስማማውም። አንዲት እናት «ብሉ ገም» ብለው ከደቡብ አዘው ስድሳ የተሳሳተ ችግኝ ተከሉ። የላቲን (ሳይንሳዊ) ስሙን ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ካላችሁ ዩካሊፕተስ ሮቡስታ፣ ለም አፈር ካላችሁ ዩካሊፕተስ ማይክሮኮሪስ ጨምሩ።

ዝርያው ትክክል ከሆነ ታገሡ። ኮዋላ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መልቀቅ በሕግ ያስጠይቃል፤ የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው። ዛፉን መኪና ከሚበዛበት መንገድ አርቁ። ውሻችሁን ማታ እሰሩት። ኮዋላ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሄደው በመሬት ነው፣ ይበልጡንም በሌሊት።