«ወኔ የላትም» ከማለት በፊት፦ አትሌት ሲጨነቅ የሚሠሩ ስህተቶች

ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ሁሉንም ጥላ የምትሄድ ልጅ፣ ውድድር ላይ እግሯ ሲተሳሰር «ወኔ የላትም» ትባላለች። ከስህተቶች ሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው። ምናልባት አንድ ጊዜ በመጨረሻው ዙር ግፊያ ወድቃ የኋለኞቹ በስፓይክ (ሶሉ ሹል ብረት ባለው የሩጫ ጫማ) ረግጠዋት አልፈዋል። ቁስሉ ድኗል። የመጨረሻው ዙር ደወል በተደወለ ቁጥር ግን ትከሻዋ ይነሳል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ሳይታወቃት ከመሃል ወጥታ በዳር ትሮጣለች። ሰውነቷ አደጋው ገና ያላለፈ ይመስለዋል። «አይዞሽ፣ በርቺ» ብቻውን እዚያ ድረስ አይዘልቅም። አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ተወዳዳሪ ሲሞን ባይልስም እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ከውድድር ስትወጣ ፈሪ ያሏት ነበሩ። በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ ወሰደች። የሥነ ልቦና ሕክምና እንደረዳትም በግልጽ ተናግራለች።

ከውድድር በፊት ሆዱ የተገላበጠበትን ሁሉ ትራውማ (ካለፈ አደጋ የቀረ የአእምሮ ቁስል) አለበት ማለትም ልክ አይደለም። ያ ጤነኛ ፍርሃት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሩጫው ሲጀመር ይለቃል። የአደጋው ምስል ድንገት እየመጣ ከረበሸው፣ ከቃዠ፣ የወደቀበትን ቦታ ከሸሸ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው።

ሌላው ስህተት ማስለፍለፍ ነው። ጓደኞቿ ፊት «ምን ሆነሽ ነው? ንገሪን» ማለት ቁስሉን መነካካት ነው። ትራውማ ላይ ያተኮረ ሕክምና እንዲህ አይቸኩልም። ለምሳሌ በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘው ኢኤምዲአር ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ትዝታውን ማከም የሚጀመረው በአራተኛው ነው። ከዚያ በፊት ራስን ማረጋጋት ይለመዳል። ዝርዝሩን ሁሉ አፍ አውጥቶ መናገርም ግዴታ አይደለም።

ስለዚህ ሕክምናውን ውድድር ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አትጀምሩት። ትዝታው ሲነካ ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ ሊረበሽ ይችላል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን የምትሮጥ ልጅ፣ ሩጫው አልፎ ፋታ ስታገኝ ብትጀምር ይሻላታል።

«ዓይነ ጥላ ነው» ብለው ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችን አልወቅስም። ጸበሉ ያጽናናል። ስህተቱ በዚያ ሰበብ ባለሙያውን መተው ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

የልብ ምት የሚያበርድ ክኒን ያለ ሐኪም መዋጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። ሯጩን ጉልበት ያሳጣዋል፤ በቀስትና በተኩስ ውድድርማ የተከለከለ ነው።

አሰልጣኞችም ባለሙያውን «ምን አለችህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የተናገረችው ከቡድኑ ያስቀንሰኛል ብላ ከሰጋች አፏን ትዘጋለች፣ ሕክምናውም እዚያው ይቆማል። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ልምምዱ መቼ መቅለል እንዳለበት ነው። እሱንም ራሷ ትንገራችሁ።