በበረዶ ወራት መኪና ሲፈላ ምክንያቱ እንዴት ይገኛል?

ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ የሞተር ሙቀት መብራቱ ቀይ ሲበራ፣ «በዚህ ብርድ ሞተር አይፈላም፣ ሴንሰሩ ነው» ብሎ መንዳት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል። ብርዱ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተሩን፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ አየር የሚለቀውን ክፍል ነው። ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚያደርሰው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካልዞረ ሞተሩ ይፈላል። ስለዚህ የሚፈለገው ዝውውሩ የት እንደቆመ ነው። ሰማያዊ መብራት ግን ሞተሩ ገና አለመሞቁን ብቻ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ ይጠይቁ። ዳር እስኪይዙ ድረስ በሙሉ ሙቀትና በሙሉ ንፋስ ይክፈቱት። ሞቃት አየር ከመጣ ኩላንቱ ቢያንስ በሞተሩና በማሞቂያው መካከል ይዞራል። ቀዝቃዛ ከነፈሰ ኩላንቱ ጎድሏል፣ አየር ገብቶበታል፣ ወይም የኩላንት ፓምፑ አይገፋም፤ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ የኩላንቱን ክዳን አይክፈቱ፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀና የታመቀ ፈሳሽ ፊት ላይ ይረጫል።

ከቀዘቀዘ በኋላ የኩላንቱን መጠን ይዩ። ራዲያተሩ የራሱ ክዳን ካለው እሱንም ይክፈቱ፤ ክዳኑ ከደከመ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ሙሉ እየመሰለ ራዲያተሩ ሊጎድል ይችላል። ከመኪናው ስር ያለው መሬት ደረቅ ሆኖ መስታወቱ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነና ጣፋጭ ሽታ ካለ፣ የሚያፈሰው የማሞቂያው ራዲያተር ነው።

ቀጥሎ በብርድ አገር ዋናው ጥርጣሬ፣ ኩላንቱ በውሃ ቀጥኖ መርጋቱ (በረዶ መሆኑ) ነው። አዲስ አበባ ላይ ራዲያተር ውስጥ ውሃ መጨመር ብዙም አይጎዳም ይባል ይሆናል፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ወይም ካናዳ ካልጋሪ ላይ ያው ልማድ ሞተር ይገድላል። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት እስከ ‑37 ዲግሪ አካባቢ አይረጋም። የቀጠነው ግን ነፋስ በሚመታው ራዲያተር ውስጥ መጀመሪያ ይረጋል። ምልክቱ መኪናው ጠዋት በደህና ተነስቶ መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ መፍላቱ ነው። ሲነሳ ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) ከጮኸ ፓምፑ ራሱ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ያጥፉት። የፈላ ውሃ አያፍሱበት፤ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ለሰዓታት ይተዉት። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ፣ ከቀለጠ በኋላ ራዲያተሩንና የሞተሩን ጎን ለፍሳሽ ይፈትሹ።

ኩላንቱ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ መለኪያ ርካሽ ነው፣ ይግዙ። 8 ሊትር በሚይዝ ሞተር ላይ መለኪያው 30 በመቶ ኩላንት ብቻ ካሳየ፣ 2.3 ሊትር አውጥተው በዚያው ልክ ያልተቀላቀለ ኩላንት ይሙሉ፤ ወደ 50 በመቶ ይመጣል። ያልተቀላቀለው ኩላንት ብቻውን ‑13 ዲግሪ አካባቢ ስለሚረጋ ማብዛት አይጠቅምም። የወጣውን በዝግ ዕቃ ያኑሩት፤ ጣፋጭ መርዝ ነውና ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል።

ኩላንቱ ደህና ከሆነ የሙቀት መርፌው ከመሃል አልፎ ሳለ ሁለቱን የራዲያተር ቱቦዎች በጓንት ይዳስሱ፤ ከቬንትሌተሩ (ከራዲያተሩ ማራገቢያ) እጅዎን ያርቁ። አንዱ የሚያቃጥል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ (ኩላንቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) አልተከፈተም ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል። ቴርሞስታቱን ይቀይሩት እንጂ አውጥተው አይጣሉት፤ ያለ እሱ ሞተሩ በብርድ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ማሞቂያውም ይሞታል።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መጨረሻ ይጠርጠር። በብርድ ሁሉም ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ነጭ እንፋሎት ያወጣል፤ የሚያሳስበው ሞተሩ ሞቆም የማያቆመውና ጣፋጭ የሚሸተው ነው። በዘይት ክዳኑ ስር የሚታይ ክሬም መሳይ ነገርም አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ የእርጥበት ጤዛ ሊሆን ይችላል፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉም ላይ ካለ ግን ኩላንት ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ሳያስነሱ አስጎትተው ይውሰዱት።